የማያዳልጠው ወለል ለምን ያዳልጣል?

ለዓመታት ሲሠራበት የቆየ የሬስቶራንት ማዕድ ቤት ገብታችሁ፣ ከወለሉ ጋር ግጥም ብሎ የተቀመጠ ከባድ መደርደሪያ ጎተት አድርጉ። ከሥሩ ሰማያዊ አራት ማዕዘን ብቅ ይላል። ዙሪያው ግራጫ ነው። እዚያው ሲሠሩ የኖሩት ሰዎች ራሳቸው ይገረማሉ፤ ወለሉ ከመጀመሪያውም ግራጫ ነበር የሚመስላቸው።

አሁን ጎንበስ ብላችሁ በመዳፋችሁ ዳብሱት። ሰማያዊው እጅ ይይዛል፤ ቆርቆር ይላል። ግራጫው ላይ ስትደርሱ ሙልጭልጭ ይላል፤ ትንሽም ይጣበቃል። ሁለቱም አንድ ወለል ናቸው፤ የተነጠፉትም በአንድ ቀን ነው። አንደኛው ዛሬም አያዳልጥም። ሌላው ግን ስሙን ብቻ ይዞ ቀርቷል።

ያ ግራጫ ነገር ምንድን ነው? ወለሉ በየቀኑ እየተወለወለ እንዴት ተከማቸ? እንዴትስ ይነሳል? ነገሩ የጽዳት ሠራተኛ ስንፍና የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ወለሉ ይጸዳል፤ የሚጸዳው ግን እንደ ሌላ ዓይነት ወለል ነው።

ለመሆኑ "የማያዳልጥ ወለል" ምንድን ነው?

በትልልቅ ማዕድ ቤቶች በብዛት ከሚነጠፉት አንዱ ቪኒል የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ነው። እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይመጣል። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከተራው የፕላስቲክ ንጣፍ የሚለየው ውስጡ በተበተነው ደቃቅ ጠጠር ነው። ጠጠሩ ሲሊኮን ካርባይድ፣ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ወይም ኳርትዝ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሳታውቋቸው ታውቋቸዋላችሁ። የቢላ መሳያ ድንጋይና እንጨት የሚለሰልስበት የብርጭቆ ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ከእነሱ ነው።

ጠጠሩ ላዩ ላይ ብቻ የተነሰነሰ አይደለም። በሚረገጠው ሽፋን ውስጥ ከላይ እስከ ታች ተቀላቅሏል። ስለዚህ ላዩ በእግር ብዛት ሲበላ ከሥር ያለው ጠጠር ተራውን ይወጣል። የእጅ ባትሪ ከጎን ብታበሩበት እንደ አሸዋ ብልጭ ብልጭ ሲል ይታያል። የዚህን ዓይነት ወለል በማምጣት ቀዳሚ ሆኖ ስሙ የሚነሳው አልትሮ የተባለው የብሪታንያ ኩባንያ ነው። ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1947 ነበር።

ንጣፉ በቁራጭ በቁራጭ ይነጠፍና መጋጠሚያው በሙቀት ይበየዳል። ዳር ዳሩ ደግሞ ግድግዳው ላይ ትንሽ ይወጣል። ወለልና ግድግዳ የሚገናኙበት ቦታ ስለታም ማዕዘን ሳይሆን ጎድጎድ ያለ ቅስት ይሆናል። ይህ የተደረገው ለውበት አይደለም። ውሃ ከሥር እንዳይገባና ብሩሽ ጥግ ድረስ እንዲደርስ ነው።

ሸካራ ሴራሚክ ወይም ጠጠር የተነሰነሰበት፣ ፈስሶ የሚደርቅ ሙጫ መሰል ወለል ያላቸው ማዕድ ቤቶችም አሉ። ከታች የምናወራው ነገር በአብዛኛው ለእነሱም ይሠራል።

ስሙ ግን ትንሽ ያጋንናል። ጭራሽ የማያዳልጥ ወለል የለም። ማዳለጥን የሚቀንስ ወለል ነው ያለው፤ እሱም ጠጠሩ ከጫማ ጋር እስከተገናኘ ድረስ ብቻ።

ጠጠሩ እግራችንን የሚይዘው እንዴት ነው?

ስንራመድ መጀመሪያ መሬት የሚነካው ተረከዛችን ነው። ብዙዎቹ የማዳለጥ አደጋዎች የሚጀምሩት በዚያች ቅጽበት ነው። ወለሉ ደረቅና ንጹሕ ከሆነ ልሙጥ ሴራሚክ እንኳ ይይዛል። ጣጣው የሚመጣው ፈሳሽ ሲገባ ነው።

ወለሉ ላይ ፈሳሽ ካለ በጫማና በወለል መካከል ስስ ሽፋን ይፈጠራል። ተረከዙ ያንን ፈሳሽ ገፍቶ ለማስወጣት ያለው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ነው። ውሃ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይሸሻል። ዘይት ግን ዳተኛ ነው። ሳይሸሽ የሰውየው ክብደት ይደርስበታል። ያኔ የምንረግጠው ወለሉን ሳይሆን ዘይቱን ነው።

ጠጠሩ የተጨመረው ለዚህ ነው። ወንዝ ስትሻገሩ ከውሃው በላይ ብቅ ያሉ ድንጋዮች እየመረጣችሁ እንደምትረግጡት ማለት ነው። የጠጠሩ ጫፍ ከፈሳሹ በላይ ከቀረ ጫማው የሚይዘው ነገር ያገኛል። ወንዙ ሞልቶ ድንጋዮቹን ከዋጣቸው ግን መሻገሪያ የለም።

ድንጋዮቹ ስንት መውጣት አለባቸው? ይህ የሚለካው በማይክሮሜትር ነው። አንድ ማይክሮሜትር ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ለ1000 ሲከፈል ነው። የብሪታንያ የሥራ ጤናና ደህንነት ባለሥልጣን በሚያወጣው መመሪያ ወለሉ ላይ የሚፈሰው ንጹሕ ውሃ ከሆነ 20 ማይክሮሜትር ያህል ሸካራነት ሊበቃ ይችላል። ዘይት ሲሆን ግን ወደ 70 ይጠጋል። 70 ማይክሮሜትር ማለት የአንድ የሰው ፀጉር ውፍረት ገደማ ነው።

እስቲ ይህን አንድ ጊዜ አስቡት። የፈላ ዘይት ይዞ የሚያልፈው ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው የፀጉር ውፍረት በምታህል ከፍታ ነው። በጠጠሮቹ መካከል ያለው ጎድጓዳ ያችን ታህል ቆሻሻ ከሞላ ጠጠሩ ተቀበረ ማለት ነው።

ሞረድ የሠራበት ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል። የሞረድ ጥርሶች መካከል የብረት ብናኝ ሲሞላ ሞረዱ ብረቱ ላይ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ጥርሱ ግን አልዶለዶመም። በሽቦ ብሩሽ ሲጸዳ መልሶ ይበላል። ወለሉም እንደዚያው ነው።

ቅባቱ ከየት ነው የሚመጣው?

በሦስት መንገድ ነው። አንዱ ከመጥበሻ ተፈናጥሮ የሚወድቀው ነው፤ ይኼ ዓይን ያየዋል። ሁለተኛው ከእንፋሎትና ከጭስ ጋር ወጥቶ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደ ጤዛ ቀስ ብሎ የሚወርደው ነው። ሦስተኛው በጫማ የሚጓዘው ነው። መጥበሻው አጠገብ የተረገጠ ቅባት ዕቃ ማጠቢያው ድረስ፣ ከዚያም መጋዘኑ ድረስ ይሄዳል። ለዚህ ነው ምንም የማይጠበስበት ኮሪደር የሚያዳልጠው።

የወደቀ ዘይት እንደወደቀ አይቀርም። የምግብ ዘይት ከአየርና ከሙቀት ጋር ሲቆይ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እየተያያዙ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ሙጫ ይመስላል፤ ኋላ እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል። መጥበሻ ጀርባ ላይ ያለውን ቡናማ፣ በጥፍር እንኳ የማይነሳ ነገር አስታውሱ። ወለሉም ላይ ቀስ ብሎ የሚሠራው እሱ ነው። ዱቄት፣ አቧራና የጫማ ጥላሸት ሲጨመርበት ያ ግራጫ ቀለም ይወጣል።

በየቀኑ እየተወለወለ እንዴት ይቆሽሻል?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ማታ ሥራ ሲያበቃ አንድ ሰው ባልዲ ሙሉ ውሃ ይቀዳል። ፈሳሽ ሳሙና ቸለስ ያደርግበታል። ሞፑን ይነክራል፤ ይጨምቃል፤ ይወለውላል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ደህና ናቸው። ከዚያ በኋላ ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ አይደለም። የቅባት፣ የሳሙናና የቆሻሻ ሾርባ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ወለሉን ቀለም እየቀባ ነው ማለት ይቀላል።

ልሙጥ ወለል ቢሆን ጉዳቱ ይህን ያህል አይከፋም፤ ሞፑ ከወለሉ ጋር ሙሉ ለሙሉ ስለሚገናኝ አብዛኛውን ይዞት ይነሳል። ጠጠር ያለው ወለል ላይ ግን ሞፑ በጠጠሮቹ ጫፍ ላይ ነው የሚሄደው። ጎድጓዳው ውስጥ አይገባም። ቆሻሻው ውሃ ግን ይገባል። ከዚያ ውሃው ይተንና ቅባቱና ሳሙናው እዚያው ይቀራሉ። በማግስቱም እንዲሁ። ጥርስን በብሩሽ ሳይሆን በጨርቅ ጠራርጎ እንደማደር ነው። ፊት ለፊቱ ያበራል፤ መሐል መሐሉ ግን ሁሉም ነገር አለ።

የክር ሞፕ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ክሩ በጠጠሩ እየተቧጨረ ይበጠሳል። ብጣሹ ጎድጓዳው ውስጥ ይቀርና ቅባት ይሰበስባል። እኔ በበኩሌ እንደዚህ ዓይነት ወለል አጠገብ ያ እርጥብና ወፍራም የክር ሞፕ ተደግፎ ሳይ ደስ አይለኝም። ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም፤ ድንገት የፈሰሰ ውሃ ለመምጠጥ ጥሩ ነው። ሸካራ ወለል ለማጽዳት ግን አልተፈጠረም።

ሦስተኛው ጥፋት የሚፈጸመው በቅን ልቦና ነው። ወለሉ ሲያዳልጥ "ሳሙናው አንሶ ነው" ይባልና ይጨመራል። ሳሙና ሲበዛ ግን በደንብ አይታጠብም። የሚተርፈው ሲደርቅ የሚጣበቅ ሽፋን ይሆናል። የነገው ቆሻሻ እሱ ላይ ይለጠፋል። ወለሉ ውሃ ሲነካውም ያ ሳሙና መልሶ ይቀልጥና ያዳልጣል። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ልክ ለይስሙላ የተጻፈ አይደለም። በዓይን መጠን ከማፍሰስ በስፍር መለካት ይሻላል።

አባቶች "አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ" የሚሉት ለእርሻ ቢሆንም ለዚህ ወለልም ልክክ ይላል።

ጥልቅ ጽዳት ከዕለቱ ጽዳት በምን ይለያል?

የዕለት ጽዳት የዛሬን ቆሻሻ ያነሳል። ጥልቅ ጽዳት የትናንቱንና የከረመውን ከጎድጓዳው ፈንቅሎ፣ አንሳፎ፣ ከቤቱ ያስወጣል። "ያስወጣል" የሚለው ቃል ላይ አስምሩበት። ቆሻሻውን ማላቀቅ ግማሽ ሥራ ነው። ተላቆ እዚያው ከደረቀ ምንም አልተሠራም።

ኸርበርት ሲነር የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1959 ጽዳትን በአንድ ክብ ሥዕል አስረዳ። ማንኛውም ጽዳት በአራት ነገሮች ይሠራል፦ በኬሚካል፣ በጉልበት፣ በሙቀት እና በጊዜ። አንዱ ሲያንስ ሌላው መጨመር አለበት። ቀዝቃዛ ውሃ የተጠቀመ ሰው የበለጠ መፈግፈግ ወይም የበለጠ መቆየት ይኖርበታል። ማዕድ ቤት ውስጥ በብዛት የሚሰረቀው የትኛው ይመስላችኋል? ጊዜ ነው። ሰው ደክሞታል፤ ወደ ቤቱ መሄድ ይፈልጋል። መድኃኒቱ ፈሰስ ይደረግና ወዲያው ይገፋል። ሥራውን ሳይጀምር ተባረረ ማለት ነው።

ኬሚካሉ ምን ያደርጋል? እዚህ ጋ ፒኤች የሚባለውን ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ፒኤች ከ0 እስከ 14 ያለ መለኪያ ነው። 7 መሐል ነው፤ ንጹሕ ውሃ እዚያ ላይ ነው። ከ7 በታች አሲድ ነው፤ ሎሚና ኮምጣጤ እዚህ ይመደባሉ። ከ7 በላይ ደግሞ አልካላይ ይባላል። ቅባት የሚፈራው አልካላይን ነው። ጠንካራ አልካላይ ከስብ ጋር ሲገናኝ ስቡን ይሰብረውና ከፊሉን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል። ሳሙና ድሮም የሚሠራው እንደዚህ ነው። የቆሸሸው ቅባት ራሱ በከፊል ማጠቢያ ይሆናል ማለት ነው፤ እንዲያው ደስ የሚል ነገር ነው።

ማጽጃው ውስጥ ሁለት ጠባይ ያላቸው ሞለኪውሎችም አሉ። አንድ ጫፋቸው ውሃ ይወዳል፤ ሌላው ቅባት ይወዳል። ቅባት የሚወደው ጫፍ ቅባቱን ይይዛል፤ ውሃ የሚወደው ደግሞ ወደ ውሃ ይጎትታል። ብዙ ሆነው አንዲት የቅባት ጠብታ ይከቡና ውሃው ውስጥ ያንሳፍፏታል። ይህ ሁሉ ግን ደቂቃዎች ይፈልጋል።

እሺ፣ ሥራው እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ ደረቁን ነው ማንሳት። የምግብ ፍርፋሪ፣ ወረቀት፣ የፈሰሰ ዱቄት፤ ሁሉም በመጥረጊያና በመፋቂያ ይነሳ። ይህን ዘሎ ውሃ ማፍሰስ ፍርፋሪውን ወደ ገንፎ መለወጥ ነው። መንቀሳቀስ የሚችል ዕቃ ሁሉ ይውጣ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ይነቀል። ምግብ ይሸፈን ወይም ይነሳ።

ከዚያ ማዕድ ቤቱን ከፋፍሉት። ሁሉንም በአንዴ ማርጠብ ሁለት ችግር አለው። አንደኛ መድኃኒቱ ሳትደርሱበት ይደርቃል። ሁለተኛ ራሳችሁ መቆሚያ ታጣላችሁ። አልካላይ የፈሰሰበት ወለል ደግሞ ከማንም በላይ የሚያዳልጠው የሚያጸዳውን ሰው ነው። ከውስጠኛው ጥግ ጀምሮ ወደ በሩ መምጣት ይሻላል። ጓንትና የዓይን መነጽር አይቀሬ ናቸው። ጠንካራ አልካላይ ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ከተረጨባችሁ በብዙ ውሃ እያጠባችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ነው።

ማጽጃው በተጻፈው ልክ በሞቀ ውሃ ይበጠበጣል። ሙቀት ስብን ያለሰልሳል። ቀዝቃዛ ውሃ ግን ስቡን ያጠነክረዋል፤ ሳህን ያጠበ ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ የፈላ ውሃ አይፈለግም። ቪኒል ፕላስቲክ ነው፤ ከሥሩም ሙጫ አለ። ከመጠን ያለፈ ሙቀት መጋጠሚያውን ሊያላቅቀው ይችላል። የእንፋሎት ማሽንም እንዲሁ። አንዳንዱ ወለል ይችለዋል፤ አንዳንዱ አይችለውም። የአምራቹን መመሪያ ሳያዩ መሞከር አይመከርም።

ፈሳሹን በደንብ አልብሱት፤ ከዚያ ተዉት። አብዛኞቹ ማጽጃዎች ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያህል ይጠይቃሉ፤ ትክክለኛውን ዕቃው ላይ አንብቡ። እየደረቀ ከሆነ ጨምሩበት። የደረቀ መድኃኒት መሥራት ያቆማል፤ ጭራሽ የላላውን ቆሻሻ መልሶ ይለጥፈዋል። በእነዚህ ደቂቃዎች ሰው "ዝም ብለህ ቆመህ" የሚባል ይመስለዋል። ይባል። ሥራው እየተሠራ ነው።

አሁን መፈግፈግ ነው። ጠንካራ የናይለን ጸጉር ያለው ብሩሽ ያስፈልጋል። ከጠጠሩ መሐል የሚገባው ጸጉሩ ስለሆነ ነው። ቦታው ሰፊ ከሆነ የሚሽከረከር ማሽን ይመረጣል። ማሽኑ ላይ የሚገጠመው ግን ብሩሽ ይሁን እንጂ ጠፍጣፋው ክብ ስፖንጅ አይሁን። ስፖንጁ ልክ እንደ ሞፑ በጫፍ ጫፉ ነው የሚሄደው፤ ሸካራውና ጥቁሩ ዓይነት ደግሞ ወለሉን ይበላዋል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ አትፈግፍጉ። አንዴ በቁመት፣ አንዴ በአግድም። ጠጠር አራት ጎን አለው፤ በአንድ በኩል ከመጣችሁ ጀርባው አይነካም። የግድግዳው ሥር ያለውን ቅስት፣ የምድጃ እግር ዙሪያውንና የፍሳሽ መውረጃውን ጠርዝ በእጅ ብሩሽ ነው። ማሽን እዚያ አይደርስም፤ የከረመውም እዚያ ነው።

ብሩሹ ሲያልፍ ውሃው ወደ ቡና ቀለም ሲለወጥ ታያላችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደስ ይለውና ጎማ ባለው መግፊያ ወደ ቱቦው ገፍቶ ይጨርሳል። ስህተቱም እዚህ ነው። መግፊያውም በጠጠሮቹ ጫፍ ላይ ነው የሚሄደው። ጎድጓዳው ውስጥ የቀረው ቡናማ ውሃ ይደርቅና ወደ ነበረበት ይመለሳል። ፈሳሽ የሚመጥ ቫኪዩም ካለ እሱን ተጠቀሙ፤ ከጎድጓዳው ስቦ ያወጣል። ከሌለ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማለቅለቅና መግፋት፣ እንደገና ማለቅለቅና መግፋት ነው። ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣና አረፋ እስኪጠፋ ድረስ። ለዓመታት የተረሳ ወለል በአንድ ዙር አይመለስም። ሁለትና ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው መድገም የተለመደ ነው።

በመጨረሻ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። "ወለሉ እርጥብ ነው" የሚለው ቢጫ ምልክት ሰው አያቆምም፤ የቸኮለ አስተናጋጅ ዘሎት ያልፋል። እስኪደርቅ በሩን መዝጋት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በፍጹም አይደረግ፦ ሰም ወይም ማብረቂያ መቀባት። የሚያበራ ወለል ንጹሕ ይመስላል። እዚህ ግን ማብራት ማለት ጠጠሩን በገንዘብ መቅበር ነው።

በረኪና አይበቃም?

አይበቃም። በረኪና ጀርም ይገድላል፤ ቀለምም ያነጣል። ስብ አያነሳም ለማለት ይቻላል። ቆሻሻ ላይ ሲፈስ ደግሞ ኃይሉን ቆሻሻው ይጨርሰዋል፤ ጀርሙም በቅባቱ ሥር ተጠልሎ ያመልጣል። ጀርም መግደል የሚመጣው ከጽዳት በኋላ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አትቀላቅሉ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የውሃ ድንጋይ ማስለቀቂያዎች ብዙዎቹ አሲድ ናቸው። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲገናኝም ክሎራሚን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። ሁለቱም ሳንባ ይጎዳሉ። ማዕድ ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ መስኮቱ ትንሽ ነው። ወለሉ ላይ ከቅባቱ ሌላ ነጭ የውሃ ድንጋይ ካለ መጀመሪያ ቅባቱ በአልካላይ ይነሳ፤ በደንብ ይታጠብ፤ አሲዱ ለብቻው በሌላ ቀን ይምጣ።

መንጻቱን በምን አውቃለሁ?

በዓይን ብቻ አይታወቅም። ሦስት ቀላል መንገዶች አሉ። ከደረቀ በኋላ ነጭ ሶፍት ወስዳችሁ ጠንከር አድርጋችሁ እሹት። ግራጫ ወይም ቢጫ ከያዘ ገና ነው። ሁለተኛ፣ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉ። ቅባት ያለበት ወለል ላይ ውሃው ተሰብስቦ ዶቃ ይሠራል። ከቅባት የጸዳ ላይ ዘርጋ ይላል። ሦስተኛው ያ የመጀመሪያው መዳፍ ነው፤ ቆርቆር ማለት አለበት።

በመሣሪያ መለካት ሲፈለግ ፔንዱለም የሚባል አለ። እንደ ግድግዳ ሰዓት ዘንግ የሚወዛወዝ ክንድ ጫፉ ላይ ጎማ አለው፤ ጎማው የተረከዝ ምትክ ነው። ክንዱ ሲለቀቅ ጎማው እርጥቡን ወለል ጨረፍ አድርጎ ያልፋል። ወለሉ በያዘው ቁጥር ክንዱ ዝቅ ብሎ ይቆማል። መሣሪያው መጀመሪያ በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለወለል ነበር የተሠራው፤ ኋላ ብሪታንያ ውስጥ ለመንገድ መፈተሻ ተሻሽሏል። ንባቡ 36 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የማዳለጥ ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። ከ25 እስከ 35 መካከለኛ፣ ከዚያ በታች ከፍተኛ ነው።

ንጣፍ ስትገዙ የምታዩት "አር 9"፣ "አር 10" የሚል ቁጥር ግን ሌላ ነው። የመጣው ከጀርመን ፈተና ነው። ሰው የደህንነት ገመድ ታስሮ፣ ጫማ አድርጎ፣ ዘይት የፈሰሰበት ናሙና ላይ ይራመዳል። ናሙናው ቀስ በቀስ እንደ ዳገት ይዘነበላል። ሰውየው ሚዛኑን ያጣበት ማዕዘን ነው ቁጥሩን የሚሰጠው። አር 9 ማለት ከ6 እስከ 10 ዲግሪ፣ አር 11 ከ19 እስከ 27፣ አር 13 ከ35 በላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አር 9ን "ከ10 ዘጠኝ" አድርጎ በማንበብ ነው። የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ነው። ለነገሩ ፈተናው የሚደረገው አዲስ ንጣፍ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት ቅባት በኋላ አር 12 ተብሎ የተገዛው ወለል ስንት እንደሆነ ካርቶኑ አይናገርም።

በየስንት ጊዜው?

ለሁሉም የሚሠራ ቁጥር የለም። ሙሉ ቀን የሚጠበስበት ማዕድ ቤትና ሳንድዊች ብቻ የሚዘጋጅበት አንድ አይደሉም። የሶፍቱ ፈተና ነው ዳኛው። መጥበሻው አካባቢ በየሳምንቱ ብሩሽ የሚፈልግ፣ መጋዘኑ ግን ወራት የሚቆይ ቤት ብዙ ነው። በየማታው ከሞፕ ይልቅ ብሩሽና ንጹሕ ማለቅለቂያ ውሃ ከገቡ፣ ዘይት ሲፈስም ወዲያው በወረቀት ከተነሳ፣ ትልቁ ሥራ እየራቀ ይሄዳል።

ሁሉ ነገር ተደርጎም የሚያዳልጥ ከሆነስ?

ሦስት ቦታ ተመልከቱ። አንደኛው ወለሉ ራሱ ነው። ብዙ ሰው የሚቆምበት፣ ምድጃው ፊት ያለው ቦታ ላይ ጠጠሩ አልቆ ሊሆን ይችላል። ባትሪውን ከጎን አብሩበት። ዳር ላይ ብልጭ ብልጭ እያለ መሐሉ ድፍን ካለ ጽዳት አይመልሰውም፤ መቀየር አለበት። መጋጠሚያዎቹንም በጥፍራችሁ ዳስሱ። ብየዳው ተከፍቶ ከሆነ የምታፈሱት ውሃ ሁሉ ከሥር እየገባ ነው።

ሁለተኛው የፍሳሽ መስመሩ ነው። ከወለሉ የተነሳው ቅባት ስብ ወደሚያስቀረው ሳጥን ነው የሚሄደው። ሳጥኑ የሚሠራው ስብ ቀዝቅዞ ስለሚንሳፈፍ ነው። በጣም በሞቀና በጠነከረ ማጽጃ የተበተነ ስብ ግን ሳይያዝ ያልፋል፤ ርቆ ሄዶ ቱቦ ውስጥ ይረጋል። ቱቦው ሲዘጋ ያ ውሃ ቅባቱን ይዞ በመጣበት ወደ ወለሉ ይመለሳል። ስለዚህ ጥልቅ ጽዳት ሲታሰብ ሳጥኑም በዚያው ሰሞን ይጠረግ።

ሦስተኛው ጫማ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ወለል ሲፈገፈግ ይታደርና ጠዋት ሠራተኛው ያንኑ የትናንቱን ጫማ አድርጎ ይገባል። አንዱን ገልብጣችሁ እዩት። በሶሉ ላይ ያሉት መስመሮች ውሃና ዘይት እንዲሸሽባቸው የተቆፈሩ ናቸው። ያው ግራጫ ነገር ጠቅጥቆ ሞልቷቸዋል። ብሩሹ ገና እርጥብ ነው፤ ባልዲው ውስጥም ትንሽ ማጽጃ ተርፏል።